ጅቡ ጅብ ይሁን

የወንድሜ ልጅ፣

ባለፈው ስትደውል የጠየቅኸኝ አጭር ነገር ነበር። «ልጄ አምስት ዓመት ሞላት፤ እኛ ያደግንበትን የጅብና የጭራቅ ተረት ልንገራት ወይስ ልተወው? እናቷ ‹ታስበረግጋታለህ› ትለኛለች» አልኸኝ። በስልክ ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍሁልህ።

እኔ ተረት የሰማሁት ጣርማ በር ላይ ነው፤ ጉም በቀትር ከገደሉ ወጥቶ ደጃፍ በሚዘጋበት፣ ማታ ደግሞ ጅብ ሲያላዝን ምድጃ ዳር ሆነን በምንሰማበት አገር። ያስተማርሁት ግን ቆላ ወርጄ፣ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው በር ተነሥተህ በደብረ ሲና በኩል 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሜዳ ስትወርድ ገብሱ በማሽላና በማሾ፣ ባናው በነጠላ ይለወጣል። አያ ጅቦ ግን አይለወጥም፤ የደጋውንም የቆላውንም ልጅ ያሳደገው እሱ ነው።

መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርህ፦ ንገራት። አስፈሪውንም ሳትሸሽግ ንገራት። ተረት ልጅን የሚጎዳው በመጨለሙ አይደለም፤ የሚጎዳው ጨለማውን በአንድ በምታውቀው ሰው ፊት ላይ የለጠፈ ጊዜ ነው። ዝርዝሩን በቁጥር አስቀምጬልሃለሁ።

1. መጨረሻውን አትቁረጥባት

የአህያዋን ኑዛዜ ታስታውሳለህ። ዝናብ ቀርቶ አገር በተራበ ጊዜ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። «ይህ መዓት የመጣው ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ስላለ ነውና እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ «መንደር ጥግ ያገኘሁትን ወይፈን ሰብሬ በላሁ» አለ፤ «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!» አሉት። ነብር ከመንጋ የተለየች ፍየል፣ ጅብ ከሰው ደጅ የሰረቀውን ዶሮ ተናዘዙ፤ ለእነሱም እንዲሁ ተባለላቸው። አህያ በተራዋ «ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ከወዳጁ ሲጫወት፣ ከዳር ያለውን ሣር ነጨት አድርጌአለሁ» አለች። «የመዓቱ ሁሉ ምክንያት አንቺ ነሻ!» ብለው ተረባረቡባት፤ በሏት።

አሁን አሁን ይህን ተረት «አህያዋ ሮጣ አመለጠች» ብለው የሚጨርሱ ወላጆች ያጋጥሙኛል። ልጅ እንዳይከፋው ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን አህያዋ ካመለጠች ተረቱ የእግር ፍጥነት ወሬ ይሆናል፤ ከተበላች ስለ ፍርድ ነው። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ እዚህ ላይ ዓይኗን አፍጥጣ «ምን አጥፍታ?» ትልሃለች። ያቺ ጥያቄ እንድትወለድ ነው ተረቱ የተፈጠረው። ዳኛው ራሱ በላተኛ የሆነበት ችሎት በዓለም ላይ እንዳለ፣ ገና በአባቷ ክንድ ውስጥ ሳለች ብታውቀው ይሻላታል፤ አድጋ ብቻዋን ከምትደርስበት።

ይህን ነገር ያሰብነው እኛ ብቻ አይደለንም። ፈረንሳዊው ላፎንቴን በ1678 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የተረት መድበል ውስጥ የዚህ ወንድም የሆነ ተረት አለ። እዚያ አገር የገባው ድርቅ ሳይሆን ወረርሽኝ ነው፤ የተፈረደባት ግን ያቺው ሣር የነጨች አህያ ናት።

2. መክፈቻውንና መዝጊያውን አትዝለል

«ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ትበልህ። ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» በልና ዝጋው። ይህ ለማሳመር የተጨመረ ነገር እንዳይመስልህ። ልጅቷ «የላም በረት» ስትል ፈቅዳ መግባቷ ነው፤ «አፌን በዳቦ አብሱ» ስትሰማ ጅቡ እዚያው መቅረቱን፣ እሷ ግን ተመልሳ ቤቷ መግባቷን ታውቃለች። የሚያስበረግገው መዝጊያ ያጣ ፍርሃት ነው።

በስልክህ የምታያቸው የካርቱን ተረቶች ችግራቸው ጭራቃቸው አይደለም። አንዱ ሳያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል፤ «እዚህ ላይ ቁም» ብትለው አይቆምም፤ ብትጠይቀው አይመልስም። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ በ2009 ዓ.ም ያረፉት፣ በቴሌቪዥን መስኮት ሆነው እንኳ ልጆችን ዙሪያቸውን ኮልኩለው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ድምፃቸውን እያወፈሩና እያቀጠኑ ነበር የሚነግሩት። ሰው እያየ የሚነግርህ ተረትና ብቻህን የሚለቀቅብህ ተረት አንድ አይደሉም። ስለዚህ አንተው ራስህ ንገራት፤ ፊቷን እያየህ። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ጅቡን ትንሽ አርቀው፤ ስትስቅ ደግሞ አቅርበው።

3. ለጅብ አሳልፈህ አትስጣት

«ዝም ካላልሽ ለአያ ጅቦ እሰጥሻለሁ!» የሚለው ተረት አይደለም፤ ማስፈራሪያ ነው። ሁለቱን አገራችን ሲያምታታ ኖሯል። ተረት ስትነግራት አንተና እሷ በአንድ ወገን ናችሁ፤ ጅቡ በወዲያኛው። ስታስፈራራት ግን አንተ ተነሥተህ ከጅቡ ጎን ቆምህ፤ እሷ ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ የምትፈራው ጅቡን ሳይሆን አባቷን ነው፤ ጅቡ ስም ብቻ ነው።

«እኛስ በዚያ አድገን ምን ሆንን?» ትለኝ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ አይቻለሁ። በማስፈራሪያ ያደገ ልጅ መጮህ ያቆማል እንጂ መፍራት አያቆምም፤ ትልቅ ሰው ሲጠጋው ትከሻውን ይሰበስባል፤ ሲጠየቅ እውነቱን ሳይሆን አንተን ደስ የሚያሰኝህን ይፈልጋል። እራት አልበላ ካለች «እራት ብዪ» በላት፤ በቃ። ጅቡን ለዚህ ሥራ አትቅጠረው።

4. ጅቡ ጅብ ይሁን

ከሁሉም በላይ እንድትይዝልኝ የምፈልገው ይህንን ነው።

እኛ ልጆች ሳለን ሁለት ዓይነት ጅብ ነበረን። አንደኛው የተረቱ ጅብ ነው፤ ሆዳም፣ ቂል፣ በጦጣ የሚታለል። እሱ ማንንም አልጎዳም። ሁለተኛው ጅብ ግን ስም ነበረው። «እገሌ ቀጥቃጩ ማታ ማታ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል» ይባል ነበር። «በእገሊት ሸክላ ሠሪዋ ቤት ስታልፉ ቁራሻችሁን ደብቁ፤ በዓይኗ ትበላችኋለች» ይሉን ነበር። ቡዳ። ሰውየው ግን ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን የሚሠራልን ነው፤ ሴትየዋ ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ውሃ የምንቀዳበትን እንስራ። በእጃቸው ሥራ ኖርን፤ በተረታችን አውሬ አደረግናቸው።

ይህ ወሬ የቆየ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ስለመገኘቱ የሚወራውን በማስታወሻው ጽፎ፣ መጽሐፉ በ1831 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጉትቻው የቀጥቃጩ ነው መባሉ ነው እንግዲህ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን እያዋረዳችሁ አገር አታራቁቱ ነው ነገሩ። ዐዋጁ ጥሩ ነበር፤ ግን ተረቱን አልረታውም። ዐዋጅ በአደባባይ ይነበባል፤ ተረት በምድጃ ዳር ይነገራል፤ ልጅ ቀድሞ የሚሰማው የምድጃውን ነው። ስለዚህ በመንዝም በተጉለትም በይፋትም የባለእጅ ልጅ አብሮት የሚጫወት እያጣ፣ ሲያድግም የሚያጋባው እያጣ ኖረ። ይህን ያደረገው ንጉሥ ወይም ሕግ አይደለም፤ በአምስት ዓመታችን የሰማነው ነው።

ይህ ወሬ ከባለእጅም ወደ ጎረቤት ሕዝብ ይሻገራል። ይፋት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙበት፣ ከደጋው ነገሥታት ጋር የተዋጉበትም የተገበያዩበትም አገር ነው። ዛሬም እሑድ ሰንበቴ ገበያ ብትወጣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ተጋፍቶ ሲገበያይ ታገኛለህ፤ አንዱ በሌላው ቋንቋ ሲከራከር ትሰማለህ። ግን በየቤቱ ማታ የሚወራ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ጭራቁ የጎረቤትን ልብስ ለብሶ፣ በጎረቤት ቋንቋ እየተናገረ የሚመጣበት ተረት። በሁሉም ወገን አለ፤ «እኛ ዘንድ የለም» የሚልህን አትመነው። እንዲህ ያለውን ተረት የሰማ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው አንድ ሰው መጥቶ «እነዚያ አውሬ ናቸው» ቢለው አዲስ ነገር አይሆንበትም። ገና በልጅነቱ ያመነውን ነው የሚያስታውሰው።

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። ጅቡ አራት እግር ይኑረው፤ ይሸትት፤ ይሳቅበት፤ ይፈራ። የሰው ስም፣ የሰው ሥራ፣ የሰው ቋንቋ፣ የሰው እምነት አትስጠው። የእውነተኛውንም ጅብ ነገር አብረህ ንገራት፤ ጥንብ እያነሣ ሰፈር የሚያጸዳ እንስሳ መሆኑን፣ ሐረር ላይ ማታ ማታ በእጃቸው ሥጋ የሚያጎርሱት ሰዎች መኖራቸውን። ያኔ ፍርሃቷ መጠኑን ይይዛል።

5. ሰውየውንም አውሬ አታድርገው

አራተኛው ምክር አውሬውን ሰው እንዳታደርገው ነው፤ ይሄኛው ግልባጩ ነው።

ትንሽ ከፍ ስትል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆናት፣ የበላዔ ሰብእን ነገር ንገራት። በየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ብትሰማው ደግሞ ይበልጥ ይገባታል። ሰውየው 78 ነፍስ የበላ ነው፤ ቤተሰቡንም ጭምር። ከዚህ የጨለመ ታሪክ ለልጅ አይነገርም ትል ይሆናል። አንድ ቀን ግን በቁስል የተመታ ሰው በእመቤታችን ስም ውሃ ለመነው፤ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ተመዘኑ፤ ውሃዋ ደፋች።

የሃይማኖቱን ትርጉም መምህራኑ ያስተምሯታል፤ እኔ የማነሣልህ ሌላውን ነው። ይህን የሰማ የደጋ ልጅ ከሁሉ የከፋው ሰው እንኳ አንዲት በጎ ነገር ልታመልጠው እንደምትችል፣ ያቺም እንደምትቈጠርለት ያውቃል። በጭራቅ ተረት ጭራቁ ይገደላል፤ ሁላችንም እፎይ እንላለን። በዚህኛው ግን ጭራቁ ሰው ሆኖ ይገኛል። ልጅህ ሁለቱንም ትስማ። አንዱን ብቻ የሰማች እንደሆነ ወይ ሁሉን ሰው ታምናለች፣ ወይ ማንንም አታምንም።

6. በእንጀራ እናት ላይ ቸኩለህ አትፍረድ

ከፈረንጅ መጽሐፍ ስታነብላት ይህን ልብ በል። የጀርመን ወንድማማቾች ግሪሞች የበረዶዋን ልጅ ተረት በ1812 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲያሳትሙ፣ በቅናት ልጅቷን ልታስገድል የተነሣችው የገዛ እናቷ ነበረች። በ1819ኙ እትም ግን እናትየው እንጀራ እናት ሆነች፤ እናትን ክፉ ማድረግ ስለከበዳቸው ጥፋቱን ለሌላ ሴት አሸከሙት። ቅጣቱን ግን አላለዘቡም፤ የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ትጨፍራለች። ሐዘን ለልጅ አይመጥንም ያለ ሰው በቀልን ትቶለት እንደሄደ አስተውል።

ክፉ የእንጀራ እናት የሌለችበት አገር የለም፤ የእኛም ተረቶች አሏቸው። ግን የአንበሳው ጸጉር ተረትም የእኛው ነው። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ያገባች ሴት የባሏ ልጅ ቢጠላት ወደ አንድ አዋቂ ሄዳ መድኃኒት ጠየቀች። «ከሕያው አንበሳ ፊት ጸጉር ነቅለሽ አምጪልኝ» አላት። ሥጋ ይዛ ሄደች፤ መጀመሪያ ከሩቅ ጣለችለት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀረበች፤ በመጨረሻ ሲበላ ከአጠገቡ ቆማ ነቀለችው። አዋቂው ጸጉሩን ተቀብሎ «አንበሳውን እንደለመድሽው ልጁንም ልመጂው» አላት። በዚህ ተረት ጀግናዋ የእንጀራ እናት ናት፤ የሚያስፈራውም ልጁ ነው። ከጎረቤታችሁ በእንጀራ እናት የሚያድግ ልጅ ካለ፣ ያ ልጅ እናንተ ቤት መጥቶ ተረት ሲሰማ የትኛውን እንደሚሰማ አስብ።

7. ትምህርቱን ከአፏ አትንጠቃት

ሌላም የአህያ ተረት አለን። ውሻና አህያ ከጌታቸው ጠፍተው ጫካ ገቡ። አህያ ስትጠግብ «ልጩህ» አለች። ውሻ «ኧረ ጅብ ይሰማል» ቢላት አልሰማችም፤ ጮኸች፤ ጅቦች መጥተው ገደሏት። ሥጋዋን ሲያወራርዱ ውሻ ልቧን ሰርቆ ዋጠ። «ልቧ የታል?» ቢሉት «ልብ ቢኖራትማ መች ትጮህ ነበር?» አላቸው።

እንግዲህ ቍጠር፤ አንዷ አህያ እውነት ተናግራ ተበላች፣ ሌላዋ ድምፅ አሰምታ። ሁለቱን የሰማ ልጅ ማንም ሳይነግረው የሚወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ዝም በል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲባል ደግሞ ይጸናለታል። እጁን ሳያወጣ ትምህርቱን የሚጨርስ ተማሪ፣ በስብሰባ ላይ አጎንብሶ ቆይቶ ውጭ ወጥቶ የሚያንሾካሽክ ጎልማሳ ከየት እንደመጣ ሳስብ፣ እነዚህ ሁለት አህዮች ይታዩኛል። ተረት ያሳድጋል የምለው ይህንን ነው። የሚያሳድገው ሁልጊዜ ወደ ላይ አይደለም፤ አንዳንዴ አንገት አስደፍቶ ነው።

ታዲያ ተረቱን ልተው? አትተው። ግን ስትጨርስ «ስለዚህ ዝም ማለት ጥሩ ነው» ብለህ አትደምድምላት። ጠይቃት፤ «ውሻው ጓደኛ ነበር?» «ልቧን ለምን በላው?» «የመጀመሪያዋን አህያ ወዳጅ የሚሆናት አንድ እንስሳ ቢኖር ኖሮስ?» በላት። መልሷ አንተ ከምታውቀው ቢለይ ደስ ይበልህ።

ከእነሱም አጠገብ የተራራውን እሳት ንገራት። ሀብታሙ አገልጋዩን «ተራራ ላይ ራቁትህን አንድ ሌሊት ካደርህ መሬትና ቤት እሰጥሃለሁ» ይለዋል፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በሩቅ፣ ከማዶ ካለው ድንጋይ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ያነድለታል። ሰውየው እሳቱን እያየ ያነጋል። ሀብታሙ «እሳት ሞቀሃል» ብሎ ሲክደው ዳኛውም ይፈርድበታል። ከዚያ ጥሪ ይደረግና እንግዶቹ የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተቱ ይቀመጣሉ፤ የሩቅ እሳት የሚያሞቅ ከሆነ የሩቅ ሽታም ያጠግባላ! ኮርላንደርና ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ይህን ተረት የመጽሐፋቸው ርእስ አድርገውታል፤ በመጽሐፉ ተራራው ሱሉልታ ነው። የጣርማ በርን ብርድ የሚያውቅ ልጅ ግን ተራራውን የት እንደሚያደርገው አያስቸግረውም። እዚህም ክፉ ዳኛ አለ፤ ልዩነቱ እሳት የሚያነድ ሰው መኖሩ ነው።

8. በዓይኑ ላየ ልጅ ተረት አትፍጠርለት

ይህን የምጽፍልህ ክረምት ክረምት ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ እናንተ ቤት ስለሚመጡት የዘመዶቻችን ልጆች ነው። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲገባ አገር ጥለው በእግር የሸሹ ልጆች ናቸው። ለእነሱ «ጅብ ነበር፣ ሄደ» አይባልም። ያዩትን ያውቃሉ፤ ስትሸሽገው የሚማሩት ነገሩ ከአንተ ጋር የማይወራ መሆኑን ነው።

ሲጠይቁ በአጭሩ እውነቱን መልስ፤ «አዎ፣ ሰዎች ተጣልተው ነበር፤ ቤት ተቃጠለ፤ አሁን እዚህ ነህ፤ እኔ አጠገብህ ነኝ» በል። የማን ወገን እንደሆነ ለመናገር አትቸኩል። የማይተኛ፣ አልጋ የሚያርስ፣ ጨዋታ የተወ ልጅ ካለ ተረት አይበቃውም፤ ሐኪም ያየው። ተረት የሚጠቅማቸው በሌላ በኩል ነው፤ መናገር ያልቻሉትን በጅብና በጦጣ አፍ መናገር ይችላሉ። ኦስትሪያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ብሩኖ ቤትልሃይም በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ልጅ ፍርሃቱን ከተረት እንደማይወስድ፣ ፍርሃቱ አስቀድሞ በውስጡ እንዳለና ተረቱ መልክ እንደሚሰጠው ተከራክሯል። ሰውየው በኋላ ብዙ ተተችቷል፤ ይህቺ ነጥቡ ግን ክፍል ውስጥ ካየሁት ጋር ትገጥማለች። ተረቱን ግን እነሱ ይምረጡት፤ አንተ አስገድደህ ቁስላቸውን አትነካካ።

9. አያትህን ሳትቀድምህ ጠይቃት

የተጻፈም አለ። መንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ብዙ ትውልድ ፊደል አስቈጥረው ምሳሌ አስተምረዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ በየክልሉ ዞራ ከተራኪዎች አፍ ብዙ ተረት ሰብስባለች፤ እነዚህን ፈልገህ ቤትህ አስገባ።

ግን የአያትህ ተረት በአንዳቸውም ውስጥ የለም። እሷ ጅቡን የምታስወጣው ከየትኛው ገደል እንደሆነ፣ ጦጣዋን ምን እያስባለች እንደምታስቅ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስልክህ ድምፅ ይቀርጻል፤ ለፋሲካ ስትመጣ ምድጃ ዳር አስቀምጠውና ተዋት። ስትነግርህ በአራተኛው ምክር ያልሁህ ዓይነት ነገር፣ የቀጥቃጩ ወሬ፣ ቢመጣም አታቋርጣት፤ ቅረጸው። ለታሪክ ይቀመጥ፤ ልጅህን ግን አታሰማት። ከአባቶች የተቀበልነውን ሁሉ ማቈየትና ሁሉን ማውረስ የተለያዩ ናቸው።

10. በመጨረሻ ተራውን ለእሷ ስጣት

ብዙ ከሰማች በኋላ «ዛሬ አንቺ ንገሪኝ» በላት። መጀመሪያ የአንተን ተረት ትደጋግማለች፤ ቆይታ የራሷን ትጀምራለች። አታርማት፤ አትሳቅባት። አንድ ነገር ብቻ አድምጥ፤ ጅቡን ማን እንዳደረገችው። ጅብ ከሆነ መልካም። ስም የሌለው ጥላ ከሆነ የምትፈራው ነገር አለና በማግሥቱ በቀን፣ እየተጫወታችሁ ጠይቃት። አንተን ካደረገችህ ሦስተኛውን ምክር መልሰህ አንብብ፤ ተቆጥተሃታል ማለት ነው። የጎረቤት ልጅ ከሆነ ወይም ከሰፈራችሁ አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ወሬውን ከማን እንደሰማችው ፈልግና፣ ልጁን ከነእናቱ ቤትህ ጠርተህ አብራችሁ እራት ብሉ።

አክስትህ
ከጣርማ በር